ሁለት ሳንቲም ከሃያ ሳንቲም ትብሳለች፦ ቤት ስናድስ ስለ ወለል ከፍታ

(ቤታቸውን ለማደስ ላሰቡ የሰፈር ነዋሪዎች በእድር አዳራሽ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ፣ እዚህም እዚያም ብቻ ተቃንቶ የቀረበ።)

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ኑ ግቡ። አትፍሩ፣ ማንንም ጥያቄ አልጠይቅም።

ዋሸሁ፤ አንድ እጠይቃለሁ። ቤቱ ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲያልፍ እግሩን የሚይዘው ቦታ ያለው ማነው? እስቲ እጅ አውጡ። አያችሁ? ከግማሽ በላይ ነው። ያላወጣችሁትም ስለሌላችሁ አይመስለኝም፤ ስለለመዳችሁት ነው። የቤቱ ሰው ይለምደዋል። ሳያስበው እግሩን አንሥቶ ያልፋል። የሚደናቀፈው እንግዳ ነው። የሚደናቀፈው መብራት ሲጠፋ ነው። የሚደናቀፉት ረከቦት ተሸክመው የሚያልፉ እናት ናቸው።

ሥራዬ ቤት ማደስ ነው። ምህንድስና ተምሬ አዲስ ሕንፃ ላይ ጀመርኩ፣ በኋላ ግን አሮጌ ቤት ወሰደኝ። አዲስ ቤት እውነቴን ነው የምላችሁ ይቀላል። ባዶ መሬት አይከራከርም። አሮጌ ቤት ግን ይከራከራል። ግድግዳውን ስትነካው ጣሪያው ይመልስልሃል።

ዛሬ ስለ ቀለም አላወራም። ስለ ኮርኒስ አላወራም። ስለ ወለል፣ ያውም ስለ ከፍታው ብቻ ነው የማወራው። አራት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ልዩነቱ ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ እንዴት ይለካል? ሦስተኛ፣ ምን ይደረግ? አራተኛ፣ መነካት የሌለበት የቱ ነው? በመሀል ወደ ወሬ ከሄድኩ መልሱኝ፤ እንደምሄድ አውቃለሁ።

አንደኛው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ይህን ሳትመልሱ ሲሚንቶ አትግዙ። እደግመዋለሁ፦ ይህን ሳትመልሱ ሲሚንቶ አትግዙ!

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትነሳና አቃቂ ስትደርስ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። አንድ ግቢ ውስጥ እንኳ የፊቱና የኋላው ከፍታ አንድ አይደለም። አሁን የእኛን ቤት አሠራር አስቡት። መጀመሪያ ዋናው ቤት ይሠራል። ቆይቶ ትንሽ ብር ሲገኝ ከኋላ ሰርቪስ ይጨመራል። ማድ ቤቱ እዚያ ነው። ከዚያ ልጅ ይወለዳል፣ ዘመድ ይመጣል፣ በሁለቱ መካከል ያለችው መተላለፊያ ቆርቆሮ ይለበስላታል። ከዚያ ግድግዳ። ከዚያ በር። አንድ ቀን "ሁሉንም አንድ ቤት እናድርገው" ይባላል። ይኼኔ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሦስቱም በሦስት ዘመን፣ በሦስት ግንበኛ፣ በሦስት ከፍታ ነው የተሠሩት።

ሁለተኛው ምንጭ ንጣፍ በንጣፍ ላይ መደረብ ነው። ሊሾ ነበር። በላዩ ፕላስቲክ ምንጣፍ ተለጠፈ። ምንጣፉ ሲላላጥ ሳይነሳ ሲሚንቶ ተደፋበት፣ ሴራሚክ ተነጠፈ። የጎረቤቱ ክፍል ደግሞ እንደ ጥንቱ ሊሾ ነው። ስለዚህ ኮሪደሩ ከሳሎኑ ሦስትና አራት ሳንቲም ሜትር ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ። ቤቱን ስትረከቡ ወለሉ ማጠናቀቂያ አልነበረውም። አንዱን ክፍል አንድ ዓመት፣ ሌላውን ሌላ ዓመት፣ እንደ አቅማችን ነው የጨረስነው። አይደለም እንዴ?

ሦስተኛው አስቸጋሪው ነው፤ ወለሉ ራሱ ሲወርድ ወይም ሲነሳ። ወደ ቦሌ በኩል፣ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ የተሠራ አንድ ቤት ነበር። የመኝታ ቤቱ አንድ ጥግ ወረደ። ባለቤትየው ሰው ጠራ። ሰውየው ሊሾ ጨመረበት፣ እኩል አደረገው፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ክረምት አለፈ። ጥጉ እንደገና ወረደ። እንደገና ሊሾ። እኔ ስጠራ፣ "ኢንጂነር፣ ጥሩ ሲሚንቶ የትኛው ነው?" ነበር ጥያቄው። ወለሉን ቆርጠን ከሥር ብናይ የሻወር ቧንቧው ያፈሳል። የሚፈሰው ውሃ ከሥር ያለውን ሙሌት አፈር አጥቦ ወስዶታል። ያ ጥግ የቆመው በባዶ ላይ ነበር። የተጨመረው ሊሾ ሸክም ከመሆን በቀር ምን ፈየደ? ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይሉ የለ? ቧንቧው መጠገን ነበረበት፣ አፈሩ መውጣት ነበረበት።

መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ስለዚህ ወለሉ በክረምት አንድ፣ በበጋ ሌላ ነው። ቤታችሁ አሁንም እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ለማወቅ ቀላል ነገር ልንገራችሁ። ስንጥቁ ላይ በመዳፍ የሚያህል ጂፕሰም ለጥፉበት። ቀኑን ጻፉበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና አልተቀመጠም፤ ሴራሚኩን አትንጠፉ። ክረምቱን አሳልፋችሁ ሳይነካ ከቆየ ግን እፎይ በሉ።

እንዲህ ያለ ወለል እንደገና ሲሠራ ከሥር ነው የሚጀመረው። ጥቁሩ አፈር ይወጣል። ጥሩ ሙሌት ይገባል፤ ግን በአንዴ አይደፋም፣ በ20 ሳንቲም በ20 ሳንቲም እየተደረበ ይጠቀጠቃል። በላዩ 25 ሳንቲም ያህል የድንጋይ ንጣፍ፣ በላዩ ላስቲክ፣ በላዩ 10 ሳንቲም ኮንክሪት። ጥቅጠቃውን የሚዘል ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ከተሸፈነ በኋላ አይታይማ!

አራተኛው ምንጭ ደግሞ ጥፋት አይደለም። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሻወር ቤት፣ በረንዳ፣ ባልኮኒ ዝቅ ብለው የተሠሩት ውሃው ወደ ቤት እንዳይገባ ነው። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ፤ ብዙ ቤት ያበላሸ ነገር ነውና።

ሁለተኛው ነጥብ። እንዴት ይለካል?

በዓይን አይለካም! "አይ፣ ሁለት ሳንቲም ብቻ ነው" የሚል ሠራተኛ ስንቱን አከሰረ። ሌዘር ያለው ሰው ካለ መልካም። ከሌለ ግልጽ የሆነ ቀጭን ጎማ ግዙ፤ አሥር ሜትር ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ውሃ ሙሉበት። ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር ተጠንቀቁ፣ አረፋ ካለ ይዋሻል። ሁለት ሰው ሁለቱን ጫፍ ይያዝ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ የሚቆመው በአንድ ከፍታ ነው። ይህን አያቶቻችን የግንበኞች አለቆች ያውቁታል፤ እኔም ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከአንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነው እጄን ያፍታታሁት።

ከዚያስ? ሳሎን ግድግዳ ላይ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብላችሁ አንድ ምልክት አድርጉ። ያችን ምልክት በጎማው እየወሰዳችሁ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ አሻግሩ። በቤቱ ዙሪያ አንዲት መስመር ትኖራችኋለች። አንዲት! ከዚያች መስመር እስከ ወለሉ በየክፍሉ፣ በአራቱም ጥግና በመሀል፣ ለኩና ቁጥሩን እዚያው ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፉት። ቀለም ይቀባበታል፣ አትዘኑ።

አሁን ቁጥሩ ሲነበብ ብዙ ሰው ይገለበጥበታል። ቁጥሩ ሲበዛ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው። ከመስመሩ ይርቃላ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ወረቀት ያላችሁ ጻፉት። ሳሎን 100። መኝታ ቤት 101። ማድ ቤት 103። ኮሪደር 98.5። ሳሎኑ ጥሩ የድሮ ቴራዞ፣ በሲሚንቶ ውስጥ የድንጋይ ፍንካች ገብቶበት የተለሰነ ወለል፣ አለው፤ ባለቤቶቹ ይወዱታል፣ አይነካም። እንግዲህ ዒላማችን 100 ነው። ሁሉም ክፍል ሲያልቅ 100 ላይ መድረስ አለበት።

መኝታ ቤቱ 101 ነው። 1 ሳንቲም ይጎድለዋል። 8 ሚሊ ሜትር ላሚኔት ፓርኬ ከ2 ሚሊ ሜትር ስፖንጁ ጋር ስንት ነው? 1 ሳንቲም። አለቀ። ማድ ቤቱ 3 ሳንቲም ይጎድለዋል። 1 ሳንቲም ሴራሚክ በ2 ሳንቲም ሲሚንቶ ላይ። አለቀ። ኮሪደሩ ግን ከፍ ብሎ ነው ያለው። የተደረበውን አሮጌ ሴራሚክ ከነሲሚንቶው 3 ሳንቲም እናነሳለን፤ 101.5 ይሆናል። አዲሱን 1 ሳንቲም ሴራሚክ በግማሽ ሳንቲም ኮላ እንለጥፈዋለን። 100።

ያየነውን አስተዋላችሁ? ሊሾ አልደፋንም። ልዩነቱን በዕቃው ውፍረት ነው የበላነው። ለዚህ ነው እኔ ደንበኞቼን ሁልጊዜ የምለምነው፦ እባካችሁ፣ ከመርካቶ ሴራሚክ ጭናችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ለኩ። ሰው ቀለሙን ያያል፣ ዋጋውን ያያል፣ ውፍረቱን ማን ያያል? በእኛ ሥራ ግን ውፍረቱ ነው ቁም ነገሩ።

ሦስተኛው። ምን ይደረግ?

ዋናው ነገሬ እዚህ ነው። ሁለት ሳንቲም ከሃያ ሳንቲም ትብሳለች። ለምን? ሃያ ሳንቲም ደረጃ ነው። ዓይን ያየዋል፣ እግር ያውቀዋል። ሁለት ሳንቲም ግን ዓይን አያያትም፤ የጫማውን ጫፍ ትይዛለች። ስለዚህ ወይ ዜሮ አድርጉት፣ ወይ ደረጃ አድርጉት። መሀል ላይ አትተዉት። ወይ ዜሮ፣ ወይ ደረጃ!

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት ወደ 684,000 ሰው በመውደቅ ይሞታል። ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። እኛ እንቅፋት ሲመታን "ቀኙ ነው ግራው?" ብለን እንጠይቃለን፤ ገዱን ለማወቅ። ለሰባ ዓመት እናት ቀኙም ግራውም ዳሌ ነው የሚሰብረው።

አንድ ከአሜሪካ የመጣ ልጅ የወላጆቹን ቤት ሊያድስ ጠራኝ። አባቱ በዊልቸር ጋሪ ነው የሚንቀሳቀሱት። ልጁ ሜትር ይዞ በየበሩ ይንበረከካል። እዚያ አገር ለአካል ጉዳተኞች የወጣውን የሕንፃ ደረጃ በቃሉ ያውቀዋል። እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ያለ ልዩነት እንዳለ ይታለፋል። ከዚያ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ጠርዙ ተዳፍቶ መገረዝ አለበት። ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ መወጣጫ ይሠራለታል፤ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲም ከፍታ 12 ሳንቲም ርዝመት። እኔ ያንን ልኬት ከዚያ በኋላ ለሁሉም ቤት ነው የምጠቀምበት። ጋሪ የሌለበት ቤትም ቢሆን። ነገ ማን እንደሚያነክስ ማን ያውቃል?

በዚህ ልክ ስታስቡት ይቀላል። ሁለት ሳንቲም ቀርታባችሁ ማስተካከል ካልቻላችሁ፣ በሁለት ተኩል ሳንቲም ጣውላ ደፍ አትሸፍኑት። 24 ሳንቲም ርዝመት ያለው ቀስ ያለ ተዳፋት አድርጉት። እግር ሳያውቀው ያልፋል፣ ሞፕም ያልፋል፣ የሻይ ጋሪም ያልፋል።

ወለል ማንሳት የምትፈልጉ ደግሞ ክብደቱን አስቡ። 4 በ5 የሆነ ክፍል 20 ካሬ ነው። 5 ሳንቲም ሊሾ ብትደፉበት 1 ሜትር ኩብ ሲሚንቶና አሸዋ ነው። ስንት ይመዝናል? 20 ኩንታል ገደማ። ሁለት ቪትዝ መኪና ሳሎናችሁ ውስጥ እንደማቆም ነው። መሬት ላይ ያለ ቤት ይችለዋል። ፎቅ ላይ ግን ቆም በሉ። የመኖሪያ ቤት ሶሌታ፣ የፎቁን ወለል የሚሸከመው ኮንክሪት፣ ለሰውና ለዕቃ ተብሎ በካሬ ወደ 200 ኪሎ ነው የሚታሰብለት። አምስት ሳንቲም ሊሾ ከዚያ ውስጥ 100 ኪሎውን ይበላባችኋል። አሮጌውን ሳታነሱ መደረብ ፎቅ ላይ የማልፈቅደው ለዚህ ነው። ፎቅ ላይ ማንሳት ግድ ከሆነ በሞራሌ አንሱት፤ ሞራሌ፣ ያንን ረጅም አራት ማዕዘን እንጨት፣ ደርድራችሁ በላዩ ወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ በላዩ ንጣፉ። ይቀላል፣ ሲፈለግም ይነሳል።

ሊሾ ላይ ሊሾ ስትደርቡ ደግሞ ስስ አታድርጉት። አንድ ሳንቲም ብቻ የሲሚንቶና አሸዋ ሊሾ አትደርቡ፤ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ቢያንስ 2.5 ሳንቲም ይሁን። የታችኛው በመሮ ይጫር፣ አቧራው ይጠረግ፣ በውሃ ይርጠብ፣ በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ ይቀባ፣ ከዚያ ይደፋ። ከ2.5 ሳንቲም ለሚሳሳው ፋብሪካ የሚያዘጋጀው ራሱ የሚተኛ ማስተካከያ ዱቄት አለ። ዋጋው ይቆነጥጣል፤ ለጥቂት ሚሊ ሜትር ግን ሌላ መፍትሔ የለም።

ደግሞ አትቸኩሉ! ሊሾው ሳምንት ውሃ ይጠጣ። እንጨት የሚነጠፍበት ከሆነ ይድረቅ፤ በልምድ ለ1 ሚሊ ሜትር አንድ ቀን ነው የሚታሰበው። 5 ሳንቲም 50 ቀን ማለት ነው፤ በክረምት ከዚያም ይበልጣል። ከአንድ ቀን እስከ ማግስቱ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉበትና ግለጡት። ከሥሩ ካላበው ፓርኬውን አታስገቡ። "ሰርጉ ደርሷል" ትሉኛላችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለሰርጉ ምንጣፍ ተከራዩ።

አሁን ስለ ሰርቪስና ዋናው ቤት ላውራ፤ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለዚህ ነው መሰለኝ። ጉለሌ አካባቢ አንድ ቤተሰብ ሰርቪሱን ከዋናው ቤት አገናኝቶ ሰፊ ማድ ቤት ሊያደርገው ፈለገ። ሰርቪሱ ከዋናው ቤት 34 ሳንቲም ዝቅ ይላል። ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ "እንሙላው" ብሏል። እሺ እንሙላው። የሰርቪሱ ጣሪያ ከወለሉ 2.60 ነው። 34 ስትቀንሱ 2.26 ይቀራል። ማድ ቤት ነው፣ ምጣድ አለ፣ እንፋሎት አለ። በሩ 2.10 ነው። 34 ስትቀንሱ 1.76። የቤቱ ልጅ ከዚያ ይረዝማል! መስኮቱ ከወለል 1 ሜትር ነበር፣ ወደ 66 ይወርዳል፤ ማብሰያው ጠረጴዛ መስኮቱን ይጋርደዋል። ሶኬቶቹ ወለል ሊነኩ ነው። ያች "እንሙላው" ጣሪያ ማንሳት፣ በር መቀየር፣ መስኮት መቀየር፣ መብራት መዘርጋት ሆነች።

ዋናውን ቤት ዝቅ እናድርገው? እሱስ የባሰ። አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። መሠረቱ ጥልቅ አይደለም። ወለሉን ወደ ታች መቆፈር ግድግዳውን እግሩን መቁረጥ ነው። ይህን በፍጹም፣ በፍጹም አታድርጉ።

የእናትየውን ሐሳብ ጠየቅኩ። ማድ ቤቱ የሳቸው ነዋ። "አንቺ ልጅ፣" አሉኝ፣ "እኔ ደረጃ አልፈራም። የምፈራው የማላየውን ነው። አቦሉን ይዤ ስመጣ እግሬን አላየውም፣ ረከቦቱ ይከልለኛል።" ከዚህ በላይ ምን የምህንድስና ትምህርት አለ? ሁለት ደረጃ አደረግንላቸው። እያንዳንዱ 17 ሳንቲም ከፍታ፣ 30 ሳንቲም መርገጫ። ለእግር የሚመች ደረጃ መለኪያ አለው፦ ከፍታውን በሁለት አባዝታችሁ መርገጫውን ስትደምሩ ከ60 እስከ 65 ሳንቲም ሲመጣ ጥሩ ነው። 17 ሲደመር 17 ሲደመር 30፣ 64። ደረጃውን በሩ ሥር አላደረግነውም። በር ከፍቶ ወዲያው መውረድ አደጋ ነው፤ ከበሩ ወዲህ ሰው የሚቆምበት ሜዳ ተውን። የደረጃዎቹ ጠርዝ ከወለሉ በተለየ ቀለም ሆነ። ከጎን መደገፊያ፣ ከላይ መብራት። መወጣጫ እናድርግ ብንል 34 ጊዜ 12፣ ከ4 ሜትር በላይ ርዝመት ይፈልጋል። ቦታ ላለው ይሁን፤ እዚያ ቤት ቦታው አልነበረም።

አባቴ፣ እዚያ ጥግ ያሉት፣ እጅዎን አይቻለሁ። ትንሽ ይታገሱኝ፣ ወደ መጨረሻው ነኝ።

አራተኛው። መነካት የሌለበት።

ሻወር ቤት ዝቅ ያለው በምክንያት ነው ብያለሁ። "ሁሉም እኩል ይሁን፣ ሆቴል ይምሰል" ብሎ የሻወር ቤቱን ወለል ከመኝታ ቤቱ ጋር ያስተካከለ ሰው አውቃለሁ። የሠራለት ሰው ለውሃ መውረጃው ቁልቁለት አልሰጠም። ሲያዩት ያምራል። በመጀመሪያው ሳምንት ባልዲ ተደፋ። ውሃው ወደ ፓርኬው ሄደ። ፓርኬው አበጠ። ሻወር ቤት ከበሩ ጀምሮ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት። በሩ ላይ ደግሞ 1 ሳንቲም ተኩል ያህል ዝቅ ይበል፤ ጠርዙን ግረዙት። እዚህ ጋር "ወይ ዜሮ ወይ ደረጃ" ያልኩት ሕግ ይላላል፤ ውሃ ይቀድማል። ጋሪ ላለበት ቤት ዜሮ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ቁልቁለቱንና ውሃ መከላከያውን ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

በረንዳና ግቢም እንዲሁ። ግቢያችሁ ከቤቱ ወለል 15 ሳንቲም ያህል ዝቅ ይበል። ኮብልስቶን በተነጠፈባቸው ሰፈሮች መንገዱ ከፍ ብሎ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ የቀረበት ስንት አለ! እነዚያ ቤቶች ወለላቸውን ዝቅ ማድረግ ቀርቶ ማሰብም የለባቸውም። መጀመሪያ የጎርፉን ቦይ።

የድሮ ጣውላ ወለል ያላችሁ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ካዛንቺስ የቀራችሁ፣ በውጭው ግድግዳ ግርጌ ትንንሽ የብረት ወንፊት ቀዳዳ አላችሁ? ያ የወለሉ መተንፈሻ ነው። ከጣውላው ሥር ባዶ ነው፤ አየር ካልተመላለሰ ሞራሌው ይበሰብሳል። የውጭውን ንጣፍ ከፍ አድርጋችሁ አትድፈኑት። በጣውላው ላይም ሲሚንቶ አትድፉ፣ እባካችሁ። ይሄን ሳይ ሆዴ ይባባል።

የፎቅ መሰላል ያላችሁ ደግሞ ይህችን ስሙኝ። የታችኛውን ወለል 4 ሳንቲም ብታነሱ የመጀመሪያው ደረጃ ከ17 ወደ 13 ይወርዳል። የላይኛውን ወለል ብታነሱ የመጨረሻው ከ17 ወደ 21 ይወጣል። እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ይለካና የቀሩትን በእምነት ነው የሚሄደው። አንዷ ከተለየች ሰው ይወድቃል። ከ1 ሳንቲም በታች ነው የሚፈቀደው ልዩነት። ባልኮኒም ላይ ወለሉ 4 ሳንቲም ሲነሳ የብረት መደገፊያው 4 ሳንቲም አጠረ ማለት ነው። ልጅ ያላችሁ!

ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ከፍ ያለውን ለማውረድ ሶሌታውን አትቆርቁሩ። ብዙዎቹ ቤቶች ተዘጋጅቶ የመጣ ቢም፣ በመካከሉ ብሎኬት፣ በላዩ ስስ ኮንክሪት ናቸው። ንጣፉንና ሊሾውን አንሱ፤ ኮንክሪቱ ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ሊሾው ውስጥ የውሃ ቧንቧና የመብራት መስመር ሊኖር ይችላል፤ ውሃውንም መብራቱንም ሳታጠፉ መዶሻ አታንሱ። የታችኛውንም ጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ቡና ይዛችሁ ሂዱ።

የመጨረሻዋ ስለ ውል ናት፣ ባጭሩ። ከሴራሚክ ሠራተኛ ጋር ስትዋዋሉ "በካሬ ይህን ያህል" ብላችሁ አትለያዩ። በስንት ሳንቲም ውፍረት? አሮጌውን የሚያነሳው ማነው? ፍርስራሹን የሚጭነው ማነው? በር የሚቆርጠው ማነው? የእንጨት በር በመላጊያ ይቀነሳል፤ የብረት በር ግን መቁረጥና እንደገና መበየድ ነው። አንድ ቤት ሴራሚኩ አልቆ፣ ሠራተኛው ተከፍሎት ሄዶ፣ በማግሥቱ የብረት በሩ አልከፈት ብሎ ቤተሰቡ በማድ ቤት በር ሲመላለስ ሰንብቷል። ከፍታውን በውሉ ላይ በቁጥር ጻፉ፦ "ከመስመሩ እስከ ወለሉ 100 ሳንቲም፣ በሁሉም ክፍል።" ስትረከቡም በዚያው ጎማ ለክታችሁ ተረከቡ። የመጨረሻው ክፍያ ከልኬቱ በኋላ።

ጎማውን ይዤ መጥቻለሁ፤ መሞከር የሚፈልግ ወጣት ካለ ከስብሰባው በኋላ እዚህ እንሞክረዋለን። አሁን ጥያቄ። አባቴ፣ እርስዎ ቀድመዋል፣ ማይኩን ስጧቸው።